ማን ከማን ጎን ይቀመጥ?

ኳስ በተነሳ ቁጥር የሚነሳ፣ ተነስቶም የማይቋጭ አንድ ክርክር አለ። የሁለት ባላንጣ ክለቦች ደጋፊዎች ስታዲየም ውስጥ ተቀላቅለው ይቀመጡ ወይስ ተለያይተው? አብዛኛው ሰው መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቃችሁ። "ይሄም ጥያቄ ሆኖ! ይለያዩ እንጂ። እሳትና ጭድ ምን አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል?" ይላችኋል። ከዚያ አጥር ይታጠራል፣ ገመድ ይወጠራል፣ መሀል ላይ ሁለት ረድፍ አግዳሚ ባዶ ይተዋል፣ ፖሊስ ይሰለፋል። ከዚህ ወዲህ "እኛ"፣ ከዚያ ወዲያ "እነሱ"። ሰላም ሆነ ተባለ ማለት ነው።

እኔ መልስ እንዲህ ቶሎ ሲመጣ ጥርጣሬ ይገባኛል። ይህ አጥር ከየት መጣ፣ ማን አቆመው፣ ቆሞስ ማንን አዳነ ብዬ ሳልጠይቅ መፍረድ አልወድም። ታሪኩን ስታዩት ደግሞ ነገሩ እንደ እሳትና ጭዱ ተረት ቀላል ሆኖ አይገኝም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል፤ ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ቃል አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። እኛ ለአንድ ሰው ሁለት ስም አለን። ስንጽፍ "ደጋፊ" እንለዋለን፣ ስናወራ "ቲፎዞ"። ደጋፊ ያዘመመ ግድግዳ እንዳይወድቅ የሚቆምለት ባላ ነው፤ ስለ ጎረቤት ቤት የሚለው ነገር የለም። ቲፎዞን ግን የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖቹም ቃሉን ያወጡት እኛ ተስቦ ከምንለው፣ በትኩሳት ከሚያቃዠው በሽታ ስም ነው። ተስቦ የያዘው ሰው ደግሞ ከጤነኛው ይለያል፤ ይህ የሐኪም ትእዛዝ ነው። ባላን ከባላ መለየት ግን ማንም አላዘዘም። እንግዲህ ስታዲየም በር ላይ የቆመው ፖሊስ ከሁለቱ የትኛውን እያየ ነው? ብዙው ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቃሉን ያመጡልን ሰዎች መለያየትንም አብረው አምጥተውልን ነበር። በእኛ ኳስ ውስጥ ሰው ከሰው መለየት የተጀመረው በማሊያ ሳይሆን በቆዳ ቀለም ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ሲመሠረት የፋሺስት ጦር ድንበር ተሻግሮ እየገፋ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ አዲስ አበባ ተያዘች። ያ አስተዳደር መለየትን በሕግ ጽፎ የመጣ ነው። የነጭ ሰፈር፣ የአገሬው ሰፈር፤ የነጭ ገበያ፣ የአገሬው ገበያ። የዛሬው መርካቶና አዲስ ከተማ የዚያ ክፍፍል ልጆች ናቸው። ኳሱም አላመለጠም። ኢትዮጵያውያን ቡድኖች ከጣሊያን ቡድኖች ጋር እንዳይገጥሙ ተከለከለ፤ ለብቻችሁ እርስ በርሳችሁ ተጫወቱ ተባሉ። ጊዮርጊስም ስሙን ተቀምቶ "ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር" የሚባል ስም ተለጠፈበት። ሊቶሪዮ የፋሺስቶቹ የመጥረቢያና የበትር ምልክት ነው። በውቤ ሰፈር ላይ መጥረቢያ! የዚያን ጊዜ የሰፈሩ ልጆች በስውር ምን ብለው እንደተረቡት ተጽፎ ቢገኝ ብዙ እከፍልበት ነበር።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 አምስት ቡድኖች ተሰባስበው ለዋንጫ ተወዳደሩ። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድንና ጊዮርጊስ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ቡድኖቹ በወገን በወገን የተደራጁ ናቸው፣ እውነት ነው። ግን አብረው እንዳይጫወቱ በሕግ ተከልክለው የነበሩት ጣሊያንና ኢትዮጵያዊ በአንድ ውድድር ተሰልፈዋል። ስለዚህች አነስተኛ ዋንጫ ብዙ አይወራም፤ እኔ ግን ከብዙ ትልልቅ ዋንጫዎች አስበልጣታለሁ።

ለጊዮርጊስ ለረጅም ዓመታት የተጫወተው ይድነቃቸው ተሰማ ከዚህ ታሪክ ውስጥ የወጣ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ። ሌሎቹ መሥራች አገሮች ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። በግማሽ ፍጻሜው ከእርሷ ጋር የተደለደለችው ኢትዮጵያ ነበረች። ስለዚህ ሳንጫወት ለፍጻሜ አለፍንና በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ይድነቃቸው ኋላ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመራ በዚህ ነገር ላይ አንድ ቀን ለዘብ አላለም። መለየትን በወሬ ሳይሆን በኑሮ ያውቀው ነበርና።

ለዚህ ክርክር ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ምሳሌ የሚመጣው ከዚያችው፣ ያኔ ከደጅ ከተመለሰችው አገር ነው።

ኦርላንዶ ፓይሬትስ እ.ኤ.አ. በ1937 በጆሃንስበርግ ጥቁሮች ሰፈር፣ በኦርላንዶ ተመሠረተ። ሰፈሩ በኋላ ሶዌቶ ከተባለው ሰፊ ከተማ ጋር ተጠቃለለ። ከዚህ ክለብ ካይዘር ሞታንግ የተባለ ተጫዋች ወጣ። አሜሪካ ሄዶ አትላንታ ቺፍስ ለሚባል ቡድን ተጫወተና አገሩ ተመልሶ በ1970 የራሱን ክለብ አቋቋመ፤ ስሙንም ካይዘር ቺፍስ አለው። ከፓይሬትስ ጎን የወጣ አጥንት ማለት ነው። ጠቡም ስለዚህ የቤተሰብ ጠብ ሆነ። አባት ፓይሬትስ፣ ልጅ ቺፍስ። ባል ጥቁሩን የፓይሬትስ ማሊያ፣ ሚስት ቢጫና ጥቁሩን የቺፍስ። እሑድ ጠዋት አብረው ቁርስ በልተው፣ በአንድ ታክሲ ተሳፍረው፣ በአንድ በር ገብተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከ90 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የኤፍኤንቢ ስታዲየም በደርቢው ቀን ከሩቅ ሲታይ ጤፍና ኑግ የተደባለቀበት ሰፌድ ይመስላል። ለቅሞ መለየት አይቻልም።

ይህ የሆነው የት አገር እንደሆነ ደግሞ አስቡ። የሚቀመጡበትን አግዳሚ፣ የሚሳፈሩበትን አውቶቡስ፣ የሚገቡበትን በር መንግሥት በቀለም ቆጥሮ ያደለበት አገር ነው። እዚያ ያደገ ሰው "አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ" የሚል ትእዛዝ ሲሰማ ምን እንደሚያስታውስ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ተለያዩ ባዮቹ ወገኖቼ እዚህ ላይ "ቆይ እንጂ!" ይሉኛል። ሐቅ አላቸው። ጥር 13 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ኦርክኒ በምትባል የማዕድን ከተማ እነዚሁ ሁለት ክለቦች ለወዳጅነት ተጋጥመው ነበር። 23 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ውስጥ 30 ሺህ ያህል ሰው ገብቷል። ዳኛው ለቺፍስ አንድ አወዛጋቢ ግብ አጸደቀ። ቆርቆሮና ፍራፍሬ መወራወር ተጀመረ፣ ጠቡ ተቀጣጠለ፣ ሕዝቡ ተሸበረ፤ 42 ሰው ሞተ። ደጋፊው ተቀላቅሎ የተቀመጠበት ጨዋታ ነው። ይህን ደብቆ መከራከር ነውር ነው።

ግን ሰዎቹ እንዴት ሞቱ? አብዛኞቹ ከጠቡ ሲሸሹ፣ ረብሻን ይከላከላል ተብሎ በሜዳው ዙሪያ በታጠረው አጥር ላይ ተጨፍልቀው ነው የሞቱት። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ.፣ በኤሊስ ፓርክ ስታዲየም በሁለቱ ክለቦች ጨዋታ 43 ሰው ሞተ። ያን ዕለት ጠብ እንኳ አልነበረም። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ውጭ የቀረው ሕዝብ ግፋ በለው ብሎ ገባ፤ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። ፓይሬትስና ቺፍስ ሳይል ረገጠው። ሁለት እንዲህ ያለ መርዶ የደረሰው ሕዝብ "በቃ፣ እንለያይ" ቢል ማን ይፈርድበታል? እነርሱ ግን የጠየቁት ስለ በር፣ ስለ ትኬት ሽያጭ፣ ስለ ቁጥር ነው። ወንበሩን አልነኩትም። ዛሬም ተቀላቅለው ይቀመጣሉ።

አሁን ወደ እንግሊዝ ልውሰዳችሁ፤ ደጋፊ የመለየት ሥርዓት ሙሉ መልኩን የያዘው እዚያ ነውና። ድሮ የእንግሊዝ ተመልካች ቡድኑ የሚያጠቃበትን ግብ ተከትሎ በእረፍት ሰዓት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄድ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የወጣቶች ድብድብ ሲበረታ ፖሊስ ሕዝቡን በየጫፉ ከፈለው፤ ከዚያ አጥር፣ ከአጥሩም በአጥር የተከፋፈለ "በረት"። በረት ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሳቸው በቋንቋቸው ከብት የሚታጎርበትን ስም ነው የሰጡት። ሰውን ለማስቀመጥ የመረጥነው ቃል ስለ ሰውየው ምን እንደምናስብ ይናገራል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የሚያውቀው ቋንቋ ነው።

በአራት ዓመት ልዩነት ውስጥ አንድ ክለብ፣ ሊቨርፑል፣ በሁለት ትልልቅ ሞቶች ውስጥ አለፈ። ሁለቱ ሞቶች ለክርክራችን የሚሰጡት ምስክርነት ደግሞ ተቃራኒ ነው።

የመጀመሪያው ግንቦት 29 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ብራስልስ፣ ሄይዝል ስታዲየም። የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ከጁቬንቱስ ጋር። ከሊቨርፑል ደጋፊዎች አጠገብ ያለው ዜድ የተባለ ክፍል የገለልተኛ ቤልጂጎች ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ትኬቱ ግን ዞሮ ዞሮ ጣሊያኖች እጅ ገባ። መሀል ላይ የነበረው ደካማ የሽቦ አጥር ነው። እንግሊዞቹ አጥሩን ጥሰው ወረሩ፤ ሸሽተው ጥግ የያዙት ላይ አሮጌ ግድግዳ ተደረመሰ፤ 39 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ጣሊያኖች። ይህ ለተለያዩ ባዮች ነጥብ ነው። ዓለምም ያኔ የተማረው "አጥሩ ደካማ ስለነበረ ነው" የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ሚያዝያ 15 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ሸፊልድ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም። እዚህ አጥሩ ጠንካራ ነበር። ሊቨርፑል ከኖቲንግሃም ፎረስት ይጫወታል። ሁለቱ ደጋፊዎች መንገድ ላይ እንኳ እንዳይገናኙ ተብሎ ከየመጡበት አቅጣጫ ጋር የሚገጥመው ጫፍ ተሰጣቸው። በዚህ ስሌት ብዙ ደጋፊ ያለው ሊቨርፑል ትንሹን ጫፍ አገኘ። ከ10 ሺህ የሚበልጥ ቆሞ ተመልካች በሰባት የሚሽከረከሩ የብረት መግቢያዎች እንዲገባ ተፈረደበት። ውጭ ያለው ሰው ሊተፋፈን ሆነ፤ ፖሊስ ትልቁን የመውጫ በር ከፈተ፤ ሕዝቡ ቀድሞ ወደሞላው መሀል በረት ጎረፈ። ፊት ለፊት አጥር፣ ግራና ቀኝ አጥር። ሰዎቹ የሞቱት ቆመው ነው። በጠቅላላው 97፤ የመጨረሻው በዚያ ቀን ጉዳት ምክንያት ያረፈው በ2021 ነው። መጀመሪያ ላይ ጥፋቱን በራሳቸው በሟቾቹና በጓደኞቻቸው ላይ ለማላከክ ተሞክሮ ነበር፤ ሰከሩ፣ ተጋፉ ተባለ። በ2016 የምርመራ ዳኞች ደጋፊዎቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ሟቾቹ በሕገወጥ መንገድ ነው የተገደሉት ብለው ፈረዱ። ሃያ ሰባት ዓመት!

እዚያ የፎረስት ደጋፊ ማንንም አልነካም። ከስታዲየሙ ማዶ ሆኖ አየ እንጂ። ባላንጣን ከባላንጣ ለመጠበቅ የታሰበው ሥርዓት ነው የገደላቸው። በ1990 የወጣው የሎርድ ቴይለር ሪፖርት አጥሩ እንዲነሳ፣ በትልልቆቹ ስታዲየሞች ሰው ሁሉ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ መንገድ ከፈተ። ልብ በሉ፤ እንግሊዝ መለየትን አልተወችም። የእንግዳው ደጋፊ ዛሬም የራሱ ጥግ አለው። የተወችው በረቱን ነው።

የሊቨርፑል ከተማ ግን ሌላ የምትነግረን ነገር አላት። ቀዩ ሊቨርፑልና ሰማያዊው ኤቨርተን የአንድ ከተማ፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በ1984 ዌምብሌ ላይ ለሊግ ካፕ ፍጻሜ ሲገናኙ ደጋፊው ቀይና ሰማያዊ ተደባልቆ ገባ፤ የየክለቡን ስም ትቶም የጋራ አውራጃውን ስም "መርሲሳይድ" እያለ ዘመረ። ከሂልስቦሮ በኋላ ደግሞ በሁለቱ ስታዲየሞች መካከል ባለው መናፈሻ ላይ ቀይና ሰማያዊ የአንገት ልብሶችን ቋጥረው ቋጥረው፣ ከአንዱ ስታዲየም እስከ ሌላው አደረሱት። ኋላ ኋላ እነርሱም በየጥጋቸው ሆነዋል፤ ስድቡም ከፍቷል። የቱ የቱን እንዳመጣው እኔ አልፈርድም።

የአርጀንቲናን ቶሎ ልለፈው። እዚያ በ2013 ከአንድ ደጋፊ ሞት በኋላ የእንግዳ ቡድን ደጋፊ ጭራሽ ስታዲየም እንዳይገባ ተከለከለ። ከዚህ በላይ መለየት የለም። ታዲያ ሰላም ሆነ? የአንዱ ክለብ ደጋፊዎች ተከፋፍለው እርስ በርሳቸው ተደባደቡ። በ2018 ደግሞ የቦካ ደጋፊ ድርሽ እንዳይል በተከለከለበት ቀን የቦካ ተጫዋቾች አውቶቡስ በሪቨር ደጋፊዎች መንገድ ላይ ተደበደበ፤ ጨዋታው ውቅያኖስ ተሻግሮ ማድሪድ ላይ ተካሄደ። ግብጽም እንዲሁ፤ የካቲት 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ፖርት ሰይድ ላይ የአል አህሊ ደጋፊዎች በራሳቸው ጥግ ተለይተው ነበር የተቀመጡት። ጨዋታው ሲያልቅ የአል መስሪ ሰዎች መጡባቸው፤ ሊሸሹ ሲሉ የመውጫው በር ተቆልፏል። ከ70 በላይ ሰው አለቀ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ሰው የክፍሎቹን ስም ያውቃል፦ ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ። እነዚህን ስሞች ማን እንዳወጣቸው አትጠይቁኝ፤ ሕዝብ ነው። የሚገርመኝ ግን አንዳቸውም የክለብ ስም አይደሉም። ሰውን የሚለዩት በኪሱ ነው። ጥላ ያለው ጥላ ፎቅ፣ ከእርሱ ትንሽ ዝቅ ያለው "እኔስ ከማን አንሼ!" ብሎ፣ የተረፈው ፀሐይ እየመታው። ካታንጋ በ1960 እ.ኤ.አ. ከኮንጎ ልገንጠል ያለችው፣ የእኛም ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ስም የዘመቱባት አገር ክፍለ ግዛት ስም ናት። ለአንድ የስታዲየም ጥግ ከዚህ የተሻለ ስም ደራሲም አያወጣ!

ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. ተመሥርቶ እየገነነ ሲመጣ፣ ፈረሰኞቹና ቡናማዎቹ ስታዲየሙን እየተከፋፈሉ ሄዱ። የሸገር ደርቢ ቀን የዜማው፣ የተረባው፣ የቀለሙ ነገር ስታዲየም ያልገባ ሰው እንኳ ከመስቀል አደባባይ ይሰማው ነበር። ድንጋይ የተወረወረበት፣ ወንበር የተነቀለበት ቀንም ነበር፤ አልክድም። ነገር ግን ከጨዋታው በኋላ ሁለቱ ወገኖች ወዴት ይሄዳሉ? ወደ አንድ ሰፈር። ቂርቆስ ቢሉ፣ ጉለሌ ቢሉ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ታላቅ ወንድም ጊዮርጊስ፣ ታናሽ ወንድም ቡና የሆነበት ቤት ሞልቷል። ስታዲየም በአጥር የተለዩት ልጆች ማታ በአንድ መሶብ ይቀርባሉ፤ እናት "ኳሳችሁን ደጅ ተዉት" ትላለች። አጥሩ እንዳይበረታ ያደረገው ያ መሶብ ነው።

መሶቡ ሥራውን ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ዲኤስቲቪ ቤት ይግባ። የአርሰናልና የማንቼ ጨዋታ ያለ ቀን የመግቢያውን ይከፍላል፣ በተገኘው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ማን እንዳለ የሚያውቀው ግብ ሲገባ ነው። ግራው ይዘላል፣ ቀኙ ራሱን ይይዛል። ተረባው ለጉድ ነው፤ አልፎ አልፎም ብርጭቆ ይሰበራል፣ ሸሚዝ ይያያዛል። ግን መሀል ላይ ገመድ የወጠረ ባለቤት አይቼ አላውቅም፤ ቢወጥርም ደንበኛው ይስቅበታል። እዚያ ማንቸስተር ባለቤቶቹ በፖሊስ ተለይተው ሲቀመጡ፣ እዚህ የእነርሱ ቲፎዞ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ያያል። ሩቅ አገር ያለ ክለብ ስለሆነ ጠቡ አያመርም የሚል ሰው ይኖራል። ይሆናል። እኔ ግን ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ አብረው ስለሚውሉም ይመስለኛል።

አሁን ከባዱ ጋ ደረስን። ድሮ የክለቦቻችን ስም መብራት ኃይል፣ ንግድ ባንክ፣ መድን፣ መቻል ነበር። ሰው የሚደግፈው መሥሪያ ቤቱን፣ ሰፈሩን፣ ወይም ዝም ብሎ የወደደውን ነው። እያደር ሊጉ የከተሞችና የአካባቢዎች ሆነ፦ ሀዋሳ፣ አዳማ፣ ወላይታ ድቻ፣ ሲዳማ ቡና፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ ፋሲል ከነማ፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ኳስ የአዲስ አበባ ብቻ ንብረት አይደለችም። ዋንጫው በ2010 ዓ.ም. ጅማ፣ በ2011 ዓ.ም. መቐለ፣ በ2013 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ በየከተማው የታየውን ደስታ ማን ይጠላል?

ችግሩ የአገሩ ፖለቲካ በብሔር መስመር ሲሰነጠቅ ማሊያውም በዚያው መስመር መነበቡ ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልዲያ ከመቐለ ሊጫወቱ ሲሉ ከተማው ውስጥ ግጭት ተነሳ፤ ጨዋታው ቀረ፣ ንብረት ወደመ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙ ጨዋታቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲሆን የተደረገበት ጊዜ መጣ። ከዚያም ወረርሽኙ፣ ከዚያም ጦርነቱ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በቴሌቪዥን እየተላለፈ፣ ክለቦች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ጥቂት ሳምንት ተጫውተው ወደ ሌላ ከተማ የሚዞሩበት ሥርዓት ጀመረ። "በሜዳዬ"ና "ከሜዳዬ ውጪ" የሚባለው ነገር ጠፋ። ማን ከማን ጎን ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ማንም ሳይቀመጥ መለስነው። ጸጥታ ሆነ፤ እውነት ነው። ጸጥታ ከሰላም ጋር አንድ እንዳልሆነ ግን ባዶ አግዳሚ ያየ ሰው ያውቃል።

በሶዌቶ፣ በሊቨርፑል፣ በቂርቆስ ተቀላቅሎ መቀመጥ የሚቻለው ሰዎቹ ቀድሞም ቤት ውስጥ ተቀላቅለው ስለተቀመጡ ነው። የጎንደርና የመቐለ ደጋፊ ማታ የሚገናኙበት መሶብ የላቸውም። እንግዳው ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ ማንንም በማያውቅበት ከተማ ይወርዳል። ይህን ሰው "ሂድና መሀላቸው ተቀመጥ" ማለት ጀብደኝነት ነው፤ እኔ አልልም። የራሱ ጥግ ይኑረው። ግን ያ ጥግ የእንግዳ ክፍል ይሁን እንጂ በረት አይሁን። በአገራችን ለእንግዳ የሚሰጠው ክፍል ንጹሑ ነው፤ ውኃ ይቀርብለታል፣ አስተናጋጅ ይመደብለታል። ይህን የባለሜዳው ደጋፊ ማኅበር ቢሠራው ከመቶ ፖሊስ ይበልጣል፤ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዶ የተቀበልከውን ሰው ከሰዓት በኋላ በድንጋይ መምታት ይከብዳልና።

ከዚያ ሌላ አንድ ክፍል፣ ጥላ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ ለሁሉም ክፍት ይሁን። ባልና ሚስት በተለያየ ማሊያ የሚመጡበት፣ ጎንደር ተወልዶ መቐለ ያገባው፣ መቐለ ተምሮ ባሕር ዳር የሚሠራው ሰው የሚቀመጥበት። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው አትበሉኝ፤ እናንተም ቢያንስ አንድ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ሃምሳ ሰው ብቻ ቢቀመጥበትም ይቀመጥበት። አጥር የግድ ከሆነም የወገብ ቁመት ያለው፣ ሕፃን ያዘለች እናት የምትሻገረው ይሁን። መውጫ በር ደግሞ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ በእያንዳንዱም ላይ ቁልፉን በእጁ የያዘ፣ ማንነቱ በወረቀት የተመዘገበ አንድ ሰው ይቁም፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ከፍቶ።